ሣጥን ትተው ሕፃናት የለኩት አናጺ፦ የአቶ ዓለምሰገድ ባዘዘው የሕይወት ታሪክ

አቶ ዓለምሰገድ ባዘዘው፣ ከጎጃም ተነሥተው እስከ ቡናው አገር ከዘለቁት ከአባታቸው ከአቶ ባዘዘው እንግዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በየነች ተሰማ መጋቢት 7 ቀን 1950 ዓ.ም. በቴፒ ከተማ ተወለዱ። በተወለዱ ዕለት የጣለው ዝናብ እስከ ዛሬ አልተደገመም። ቴፒ በዝናብ የምትደነቅ ከተማ አለመሆኗን የሚያውቅ ሰው የዝናቡን ብዛት ከዚህ መገመት ይችላል። ሌላው ሕፃን እጁን ጨብጦ ሲወለድ እርሳቸው ዕቃ አቀብሉኝ እንደሚል ሰው ዘርግተው መወለዳቸውን አዋላጇ መስክረዋል።

አባታቸው በቴፒው የቡና እርሻ የእንጨት መሰንጠቂያ ላይ ይሠሩ ስለ ነበር አቶ ዓለምሰገድ ያደጉት ሰጋቱራ ውስጥ ነው። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ስድስተኛ ክፍል በቴፒ፣ ከዚያም ሚዛን ተፈሪ ዘመድ ቤት ተቀምጠው እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረዋል። በትምህርታቸው ዘወትር አንደኛ ነበሩ። አልፎ አልፎ ሃያኛና ሃያ አንደኛ የወጡባቸው ጊዜያት ቢኖሩም ይህ የመምህራኑ የአደማመር ስህተት መሆኑን ራሳቸው በተደጋጋሚ አስረድተዋል።

በ1968 ዓ.ም. በእርሻው የእንጨት ሥራ ክፍል በረዳት አናጺነት ተቀጠሩ። መላጊያና መጋዝ በእጃቸው በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቃቸው የሚያስተምሩት ነገር አልቆባቸው ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረዋል። በ1975 ዓ.ም. ወደ አማን መጥተው የራሳቸውን የእንጨት ሥራ ቤት ከፈቱ። ከማሻ እስከ ሸኮ አቶ ዓለምሰገድ በሠሩት ወንበር ላይ ያልተቀመጠ ሰው ካለ ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ የኖረ ሰው ነው። ለአንድ ምግብ ቤት ከቀረሮ እንጨት በሠሩት ጠረጴዛ ላይ ፍሬን የበጠሰ አይሱዙ ግድግዳ ጥሶ ገብቶ አርፎበታል። አይሱዙው ተጎትቶ ጋራዥ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ በዚያው ዕለት ምሳ ቀርቦበታል።

ስማቸውን ይበልጥ ያስጠራው ግን የሬሳ ሣጥን ሥራቸው ነው። ጠርዙን በአልማዝ ቅርጽ ይፈለፍሉታል፤ ደጋግመው በጥቁር ቡናማ ቫርኒሽ ይቀቡታል፤ በግራና በቀኝ የናስ እጀታ ይገጥሙለታል። ሣጥን በሰው ትከሻ ላይ ከሩቅ ሲታይ የእርሳቸው መሆኑን የማይለይ ሰው በአካባቢው አልነበረም። ሣጥናቸውን አይተው መሞት ያማራቸው ብዙ ሰዎች ነበሩ እየተባለ የሚወራው ግን ግነት ነው። እንዲያ ያሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እርሳቸውም እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ።

በ1976 ዓ.ም. በአማን የታችኛው ሰፈር እድር ሲቋቋም አቶ ዓለምሰገድ መሥራች አባል ሆኑ። እድሩም ለአባላቱ የሚያስፈልገውን ሣጥን ሁሉ በእርሳቸው እጅ እያሠራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየ።

በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰርካዲስ ደምሴ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ለሠርጋቸው የሠሩት አልጋ በበሩ አልገባ ስላለ አልጋው ከሚቆረጥ ግድግዳው ይፍረስ ተብሎ ፈርሷል። ከዚህ ጋብቻም አራት ልጆች አፈሩ። ሁለተኛው ልጃቸው ኤፍሬም በተወለደ በዓመቱ በኩፍኝ ዐረፈ። ሣጥኑን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለሕፃን በሠሩት ሣጥን ዋጋ ተቀብለው አያውቁም። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አይጻፍም።

በ2008 ዓ.ም. በአካባቢው ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ዕድገትና ጤና ምርምር ማዕከል ተከፈተ። ማዕከሉን እንዲመሩ የተመረጡት ዶክተር ሩሐማ ማርቆስ የሚዛን ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው የተማሩበትን ዴስክ የሠሩት አቶ ዓለምሰገድ በመሆናቸው ለደረሱበት ደረጃ የዴስኩ አስተዋጽኦ ቀላል እንዳልነበረ መጥቀስ ተገቢ ነው። የማዕከሉ የመጀመሪያ ሥራ በሸኮ ወረዳ ቡና አምራች ቀበሌዎች የሚወለዱ ሕፃናትን ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው መከታተል፣ በየሦስት ወሩ ክብደታቸውንና ቁመታቸውን መለካት፣ ከዕድሜያቸው በታች የቀነጨሩትን ለይቶ በጊዜ መርዳት ነበር።

ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ቆሞ አይለካም። ሰሌዳ ላይ በጀርባው ይጋደማል። አንድ ሰው ራሱን ይዞ ከሰሌዳው አናት ጋር ያገጥመዋል፤ ሌላው ጉልበቱን ተጭኖ እግሩን ይዘረጋል፤ ከታች በኩል ያለው ተንሸራታች እንጨት መጥቶ ውስጥ እግሩን ሲነካ ቁጥሩ ይነበባል። ከውጭ አገር የታዘዙት ሰሌዳዎች መንገድ ላይ ስለ ዘገዩ ማዕከሉ ሥራውን ለአቶ ዓለምሰገድ ሰጠ። በዚያውም የመለኪያ ዕቃዎች ኃላፊ አድርጎ ቀጠራቸው፤ ይህም በማዕከሉ ውስጥ ከዳይሬክተሯ ቀጥሎ ያለ ሥልጣን እንደሆነ ቤተሰቡ ይገነዘባል።

አቶ ዓለምሰገድ ሥራው ለሕፃናት ነው ሲባሉ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉበት። ችግሩ የመጣውም ከዚያው ነው። ጠርዙን በአልማዝ ቅርጽ ፈለፈሉት። በጥቁር ቡናማ ቫርኒሽ ደጋግመው ቀቡት። ለመሸከም እንዲያመች በግራና በቀኝ የናስ እጀታ ገጠሙለት። ሰሌዳዎቹ ማዕከሉ ሲደርሱ ምሁራኑ ከየቢሯቸው ወጥተው አጨበጨቡ፤ ዩኒቨርሲቲው በዚያ ዕለት ሌላ ሥራ አልሠራም ማለት ይቻላል። ዶክተር ሩሐማ በእጃቸው ዳበስ አድርገው፣ «ጋሽ ዓለምሰገድ፣ ይኼ እኮ ሳሎን የሚቀመጥ ነው» አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ ከባለሙያው ከራሳቸውና ይህን ጽሑፍ ካዘጋጁት ከታናሽ ወንድማቸው ከአቶ ጥበቡ ጭምር፣ ዕቃው ምን እንደሚመስል ልብ ያለ አንድም አልተገኘም።

በመጀመሪያው የልኬት ቀን ሸኮ ወረዳ አንድ ቀበሌ ውስጥ፣ ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰብስበው ነበር። መኪናው ቆመ። አቶ ዓለምሰገድ ከኋላ ወርደው ሰሌዳዎቹን በየእጀታቸው እያነሡ አንድ በአንድ ሣሩ ላይ ደረደሩ። አገሩ በሙሉ የሚያውቃቸው ሣጥን ሠሪ፣ በልጅ ልክ የተሠሩ ሣጥኖች ይዘው መጡ ማለት ነው። ከዚያ እናቶቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፍነው ወደየቤታቸው መሄድ ጀመሩ።

ወደ ኋላ የቀሩት ወይዘሮ ዓለምሸት የሚባሉ የቀበሌው ነዋሪ ብቻ ነበሩ። እርሳቸውም የቀሩት ሊያስለኩ አልነበረም።

«ልጄ ሳል ነው የያዘው» አሉ ዶክተር ሩሐማን። «ልኩን ለምንድን ነው የምትወስዱት?»

«ዕድገቱን ለማየት ነው እናቴ።»

«ዕድገቱን በዚህ? እኚህን ሰውዬ አውቃቸዋለሁ። የአባቴን ሣጥን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ጥሩ ሣጥን ነበር፣ አልዋሽም።»

«አመሰግናለሁ» አሉ አቶ ዓለምሰገድ ከልማድ የተነሣ።

«ለልጄ ግን ገና ነው» ብለው ወይዘሮ ዓለምሸት ሄዱ።

ነገሩ ቆይቶ ሲታሰብ እናቶቹ አልተሳሳቱም። በእኛ አገር በጀርባው ተጋድሞ፣ እግሩ ተዘርግቶ፣ ራሱ ተይዞ ልኩ የሚወሰድ ሰው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አቶ ዓለምሰገድ ሰሌዳዎቹን ወደ አማን መልሰው እጀታቸውን ነቀሉ፤ የአልማዙን ቅርጽ በመላጊያ አጠፉ፤ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም ቀብተው በየራስጌው ዶሮ ሣሉበት። ዶሮዋ ከሩቅ ስትታይ የምትጮኽ ትመስል ነበር። በሁለተኛው ጉዞ ወይዘሮ ዓለምሸት ሰሌዳውን አዩና፣ «ዶሮ ሥላችሁ ሣጥኑን ደበቃችሁት?» አሉ። ሌሎቹ እናቶች ከቤታቸውም አልወጡ።

ዶክተር ሩሐማ ጨነቃቸው። ከውጭ የታዘዘው የሚደርሰው በዓመቱ ነው፤ በዚያ ዓመት የሚቀነጭር ልጅ ደግሞ በኋላ ቢለኩት አይመለስም። «ጋሽ ዓለምሰገድ፣ እርስዎ ለጊዜው ይቅሩ፤ በሌላ ሰው እናስለካ» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ብቀርስ ሰሌዳው በማን እጅ ነው የተሠራው?» አሉ አቶ ዓለምሰገድ። «ይልቅ ሴትዮዋን ልጠይቃት።»

ጠየቁም። ወይዘሮ ዓለምሸት ቡና እየለቀሙ ነበርና ከዛፉ ሥር ሳይወጡ መለሱላቸው። «ጋሼ፣ ጠልተንዎት አይደለም። እርስዎ እዚህ ቀበሌ የሚመጡት ሰው ሲጎድል ነው። የዚያ ሥራ እጅ ልጆቻችንን እንዲነካብን አንፈልግም። ያንን ይተዉና ይኼኛውን ይያዙ። ሁለቱንም እይዛለሁ ካሉ ግን እሺ አንልም።»

አቶ ዓለምሰገድ ያን ሳምንት ምግብ አልበሉም። ይህ በቁመታቸው ልክ ይበሉ ለነበሩ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ወይዘሮ ሰርካዲስ ያውቁታል። ሣጥን መሥራት ለእርሳቸው እንጀራ ብቻ አልነበረም። የእድሩ ደንብ ባለሙያ አባል በሙያው ያገለግላል ይላል፤ ያላገለገለ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት፣ ጉድጓድ የሚቆፍርለት፣ ቤቱ ሄዶ የሚያስተዛዝንለት የለም።

«አንተ ሰውዬ፣ ማን እንዲቀብርህ ነው?» አሏቸው ባለቤታቸው። «ለራስህስ ግድ የለህም፤ እኔስ?»

«ሰርኬ፣ ኤፍሬምን የለካሁት አንድ ጊዜ ነው» አሉ አቶ ዓለምሰገድ። ወይዘሮ ሰርካዲስ ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም።

በእሑዱ የእድር ስብሰባ አቶ ዓለምሰገድ ተነሥተው ከዛሬ ጀምሮ ሣጥን አልሠራም አሉ። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ አስረስ ወልዴ የሃምሳ ዓመት ጓደኛቸው ናቸው።

«ቀልድህን ተው ዓለምሰገድ» አሉ።

«አልቀለድኩም።»

«እና በምን ልንቀበር ነው? በኬሻ?»

«አናጺው ማቴዎስ አለ። እኔ አሠለጥነዋለሁ።»

«ማቴዎስ የሠራው በር እስከ ዛሬ አይዘጋም።»

«በር ማጠፊያ አለው፤ ሣጥን በምስማር ነው» አሉ አቶ ዓለምሰገድ። አንዳንዱ ሳቀ። አቶ አስረስ ግን አልሳቁም። እናታቸው አርጅተው ተኝተውባቸው ነበር፤ አቶ ዓለምሰገድም ሣጥናቸውን ራሳቸው እንደሚሠሩላቸው ለእኚሁ እናት ቃል ገብተው ነበር።

«ደንባችን ግልጽ ነው» አሉ አቶ አስረስ። «ለሰው ልጅ ስትል ከሆነ እኛም የሰው ልጆች ነን። ሣጥን ካልሠራህ ቀባሪህን ፈልግ።»

ታናሽ ወንድማቸው አቶ ጥበቡ በስብሰባው ላይ ያደረጉት ንግግር አባላቱን በእጅጉ ያስለቀሰ ቢሆንም ውሳኔውን አልለወጠውም። አቶ ዓለምሰገድ ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ ከእድሩ ተሰረዙ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሸኮ ገበያ ቆሞ ሳለ፣ ከዶክተር ሩሐማ ጋር ሰሌዳዎቹን ጭነው የመጡት አቶ ዓለምሰገድ የሣጥን መሥሪያ ዕቃቸውን፣ የአልማዙን መፈልፈያና የቀሩትን የናስ እጀታዎች በሙሉ በሰው ፊት ለአናጺው ለማቴዎስ አስረከቡ። በአማንና በሸኮ ሽማግሌዎች ፊት ሁለተኛ ሣጥን እንደማይሠሩ ማሉ። በዚያ ቀን ወደ ገበያው የመጣው ሰው ብዛት ሸኮ ተብላ ከተቆረቆረች ወዲህ ያልታየ ነበር። ወይዘሮ ዓለምሸት ዳር ቆመው ሲሰሙ ቆይተው ቀረብ አሉ።

«እሺ፣ መሐላውን ሰማን። ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ እርስዎ ይጋደሙ።»

«እኔ?»

«ሕፃን የማይጎዳ ከሆነ ሽማግሌ አይጎዳም።»

አቶ ዓለምሰገድ ኮታቸውን አውልቀው ለዶክተር ሩሐማ አቀበሉና ዶሮ በተሣለበት የሕፃን ሰሌዳ ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ። ወይዘሮ ዓለምሸት የአቶ ዓለምሰገድን ራስ በሁለት እጃቸው ያዙ። ተንሸራታቹ እንጨት ታፋቸው ላይ ደርሶ መንገዱ አለቀ፤ የቀረው አካላቸው ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ቀረ።

«ጋሼ፣ ግማሽዎ አልተለካም» አሏቸው ወይዘሮ ዓለምሸት።

«የተለካው ምን ይላል?»

ዶክተር ሩሐማ ጎንበስ ብለው አነበቡ። «ለሁለት ዓመት ልጅ በጣም ጥሩ ነዎት ጋሽ ዓለምሰገድ።»

ሴቶቹ ሳቁ። የሳቁ ድምፅ ሚዛን ተሰምቷል የሚሉ አሉ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ወይዘሮ ዓለምሸት ልጃቸውን ከጀርባቸው አወረዱ። «ራሱን ግን እኔ ነኝ የምይዘው» አሉ፤ «እናንተ እግሩን ያዙ።» ልጁ አለቀሰ፣ ተለካ፣ ተነሣ። ከዚያ ሌሎቹ እናቶች ተራ ያዙ።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ በማዕከሉ የልኬት ቀን የሕፃኑን ራስ የምትይዘው እናቱ እንድትሆን ተወሰነ። የባለሙያ እጅ ሲይዘው የሚንፈራገጠው ሕፃን በእናቱ እጅ ይረጋ ስለ ነበር ልኬቱም ትክክል ሆነ። ዶክተር ሩሐማ ይህን በጽሑፍ አውጥተውት በዓለም ላይ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በሙሉ አንብበውታል፤ ያላነበበ ካለ መንገድ ላይ ነው። ከልኬቱም አንድ ነገር ታየ። በቡና ለቀማ ወራት እናቶች ከንጋት እስከ ማታ ጫካ ስለሚውሉ የሕፃናቱ ዕድገት ይገታል፤ ለቀማው ካለፈ በኋላም ብዙዎቹ አያካክሱትም። ማዕከሉ ከቀበሌዎቹ ጋር ተነጋግሮ በለቀማ ወራት ሕፃናቱ በየቡናው አቅራቢያ በዳስ ሆነው እንዲመገቡና እናቶች በየመካከሉ ወጥተው እንዲያጠቡ አደረገ። ዳሶቹን የሠሩት አቶ ዓለምሰገድ ናቸው። አንዱን ዳስ ዝሆን ተደግፎት ቆሞ ነበር ይባላል፤ ዳሱ አልተነቃነቀም።

ከውጭ የታዘዙት የፕላስቲክ ሰሌዳዎችም በዓመቱ ደረሱ። እናቶቹ አይተው፣ «የጋሼን አምጡልን» ስላሉ እስከ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ናቸው።

በ2010 ዓ.ም. አቶ ዓለምሰገድ ከእድር መሰረዛቸው ሸኮ ተሰማ። ወይዘሮ ዓለምሸት ወደ ማዕከሉ መኪና ቀርበው፣ «በእኛ ምክንያት ሜዳ ላይ ሊቀሩ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። «ሜዳ ላይ ብቀር እንኳ ሞቼ ነውና አላየውም» አሉ አቶ ዓለምሰገድ። በማግስቱ የቀበሌው እድር ተሰብስቦ አቶ ዓለምሰገድን በአባልነት መዘገበ። አብዛኞቹ አባላት የወንጌላውያን አማኞች ናቸው፤ እርሳቸው ደግሞ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነበሩ። ይህ ጉዳይ በስብሰባው ላይ አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ በቀበሌው ሰው በሞተ ቁጥር አካፋቸውን ይዘው ሄደው ጉድጓድ ቆፍረዋል፤ እንጨት ግን አልነኩም።

በ2012 ዓ.ም. የአቶ አስረስ እናት ዐረፉ። አቶ አስረስ ማልደው ወደ አቶ ዓለምሰገድ ቤት መጥተው በር ላይ ቆሙ።

«ለእናቴ ብቻ። ቃል ገብተህላት ነበር» አሉ። «ማቴዎስ ሠራው እንላለን። ማንም አይሰማም።»

«አስረስ፣ አንተ ሣጥኔን ከሩቅ ታውቀዋለህ። እነሱም ያውቁታል» አሉ አቶ ዓለምሰገድ። «ዛሬ አንድ ሣጥን ብሠራ በሚቀጥለው ልኬት አንድ ልጅ አላገኝም።»

አቶ አስረስ ተመልሰው ሄዱ። አቶ ዓለምሰገድ በዚያ ቀን ከየትኛውም እድር ሳይላኩ መካነ መቃብሩ ድረስ ሄደው ጉድጓዱን ቆፈሩ። እኚያ እናት አቶ ዓለምሰገድን በልጅነታቸው ቴፒ ሳሉ ያበሏቸው፣ በኋላም ሚዛን ተፈሪ ሲማሩ ያስጠጓቸው ዘመድ ነበሩ። ሲቆፍሩ ያየ ሰው ዐይናቸውን ሳይጠርጉ እንደ ቆፈሩ ይመሰክራል። ሁለቱ ጓደኛሞች ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሰላምታ ብቻ ነበራቸው።

አቶ ዓለምሰገድ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታመሙ ቆይተዋል። በሚዛንና በጅማ በሕክምና ሲረዱ ሐኪሞቹ ይህን የሚያህል ኩላሊት አይተን አናውቅም ማለታቸውን ታናሽ ወንድማቸው በጆሯቸው ሰምተዋል። ሕመሙ ሲበረታ አቶ አስረስ ሊጠይቋቸው መጡ። ከአልጋው አጠገብ ብዙ ከተቀመጡ በኋላ፣ «ስምህን መልሰናል። እሑድ ወሰንን» አሏቸው።

«አመሰግናለሁ» አሉ አቶ ዓለምሰገድ። «ግን አባልነት አለኝ። ሸኮዎቹን ጠይቅ።»

አቶ ዓለምሰገድ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ረቡዕ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ በመኖሪያ ቤታቸው ቤተሰቦቻቸው በተሰበሰቡበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

የታችኛው ሰፈር እድር በዚያው ማለዳ ድንኳኑን ይዞ መጣ። ብዙም ሳይቆይ የሸኮው እድር በሁለት መኪና የራሱን ድንኳን ጭኖ ደረሰ። አቶ አስረስ፣ «መሥራች አባላችን ነው፤ እኛ ነን የምንቀብረው» አሉ። ወይዘሮ ዓለምሸት ከመኪናው ሳይወርዱ፣ «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ? ሰውዬው የእኛ ናቸው» አሉ። ቀባሪ ታጣለህ የተባሉ ሰው ቀባሪዎቻቸው ደጃፋቸው ላይ ተጣሉባቸው። ክርክሩን የቋጩት ወይዘሮ ሰርካዲስ ናቸው። «አማኖች ድንኳኑን ትከሉ፣ ለቅሶ የመጣውን ሰው አስተናግዱ። ሸኮዎች ጉድጓዱን ቆፍሩ። እሱን ደግሞ እየተፈራረቃችሁ ተሸከሙ» አሉ። ሁለቱም ወገን ተቀበለ። ጉድጓዱን ለመቆፈር አቶ አስረስ አካፋ ይዘው ከሸኮዎቹ ጋር ሲሄዱ የከለከላቸው አልነበረም።

የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት የሆነበትን ምክንያት ብዙዎች ስለ ጠየቁ እዚህ መግለጽ ያስፈልጋል። ዛሬ ሐሙስ ሸኮ የልኬት ቀን ነው። ዶክተር ሩሐማ ቀጠሮውን ሊሰርዙ ሲሉ እናቶቹ አልተስማሙም። «ሰውዬው ሣጥን የተዉት ለዚህ ቀን አይደለም እንዴ? መጀመሪያ እናስለካ፣ ከዚያ እንቀብራለን» አሉ። ስለዚህ ጠዋት ሕፃናቱ ይለካሉ፤ ከሰዓት በኋላ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው በአቶ ዓለምሰገድ አጥቢያ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይደርሳሉ። የዘገየም ካለ እንጠብቃለን።

አቶ ዓለምሰገድ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሰርካዲስን፣ ልጆቻቸውን ሜሮንን፣ ቴዎድሮስንና አቢጊያን፣ አራት የልጅ ልጆችንና ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ጥበቡን ትተው አልፈዋል። ሐዘኑን ለተካፈላችሁ ለሁለቱም እድሮች፣ ለማዕከሉ ሠራተኞችና ከቴፒ፣ ከማሻና ከሸኮ ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ዛሬ ጠዋት የሸኮ እናቶች በየቋንቋቸው የሚመርቋቸውን ምርቃት ይቀበልላቸው። ለወይዘሮ ሰርካዲስና ለልጆቹ ጽናቱን ያድልልን፤ አሜን።